ታናሽ እህቴ የወደቀች ቀን

የክብሪት ጭስ ሲሸተኝ ዛሬም ያ ቀን ይመለስብኛል። ትናንት መብራት ጠፍቶ ልጄ ሻማ ለመለኮስ ክብሪት ሲጭር፣ እንደገና የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ ሸማ ተራ፣ እናቴ ሱቅ ደጃፍ ላይ ቆምኩ።

በዓሉ ሁለት ቀን ቀርቶት ተራው በሸማች ተጨናንቆ ነበር። የአራት ዓመቷ ታናሽ እህቴ ከነጠላው ክምር አጠገብ ትጫወታለች። ከሱቃችን ፊት ለፊት መሬት ላይ ተቀምጣ ፈትል የምትሸጠው ሴትዮ፣ "ውይ፣ ዓይኗ ሲያምር!" አለች። ትንሽ ቆይቶ የእህቴ ዓይን ወደ ላይ ተሰቀለ፤ ሰውነቷ ግትር ብሎ ወደቀች። እየተንፈራገጠች አረፋ ደፈቀች።

"በላቻት! ልጄን በላቻት!" ብላ እናቴ ጮኸች።

አንዱ ክብሪት ጭሮ ጭሱን የእህቴ አፍንጫ ላይ ያዘ። ሌላው በማንኪያ ጥርሷን ሊፈለቅቅ ሲታገል ከንፈሯን ቀደደው። የቀሩት ፈትል ሻጯን በፀጉሯ ጎትተው አስነሷት።

"ትፊባት! ልቀቂያት!"

"ኧረ በፈጠራችሁ፣ እኔ ምን አደረግኩ?"

አንድ ተሸካሚ ፊቷን በቦክስ መታት። ስትወድቅ በእግራቸው ተረባረቡባት። ነጩ ፈትሏ ደም በደም ሆነ።

እኔ ግን አውቅ ነበር። ከሦስት ሳምንት በፊት ዱባይ ተራ አንድ ፎቅ ደረጃ ላይ በአሻንጉሊት ተጣልተን ገፍትሬያት፣ ጭንቅላቷ ሲሚንቶው ላይ ጓ ብሎ ለአፍታ ራሷን ስታ ነበር። ሁለት ቀን ሲያስታውካት ምግብ ነው ተባለ፤ እኔም ዝም አልኩ። ሴትዮዋ ስትደበደብም እያየሁ ዝም አልኩ።

ሐኪም ቤት ሐኪሙ እናቴን በጥያቄ አጣደፋት። ትኩሳት ነበራት? ከዘመድ የሚጥል በሽታ ያለበት አለ? በመጨረሻ፣ "ጭንቅላቷን ተመትታ ታውቃለች?" አለ።

"በፍጹም!" አለች እናቴ።

"እኔ ገፍትሬያት ነው" አልኩ።

በጥፊ አጮለችኝ። ልትደግመኝ ስትል ሐኪሙ እጇን ያዘ። "ተዪያት፣ እትዬ። እንኳን ተናገረች።" ከምርመራው በኋላም፣ "የሰው ዓይን አይደለም፤ ምቱ ነው። መድኃኒቷን እንዳታቋርጪባት" አላት።

እህቴ ዓመታት መድኃኒት ወስዳ ዳነች፤ ዛሬ የራሷ ልጆች አሏት።

ያ በሆነ በሳምንቱ እናቴ እጄን ይዛ ጎጃም በረንዳ፣ ከመጋዘኖቹ ጀርባ ፈትል ሻጯ ወደምትኖርበት ቤት ወሰደችኝ። አንድ ዓይኗ በፋሻ ተሸፍኗል፤ በኋላ እንደሰማነው ጨርሶ ጠፋ። እናቴ እግሯ ላይ ወድቃ ስታለቅስ፣ ሴትዮዋ በቀረው ዓይኗ እኔን አየችኝ።

"ልጅቷስ? ተሻላት?"

"ተሽሏታል" አልኩ።

"ተመስገን" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ወደ ተራችን ተመልሳ አልመጣችም።