የሐብሉ ምንዛሪ

ታናሽ ወንድሜ ሰላም አስከባሪ ሆኖ ከአገር ከወጣ ወዲህ ቢቸና ውስጥ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ፣ ከሰላምታው ቀጥሎ የሚጠይቀኝ የዶላር ዋጋ ነው። ጋዜጠኛ ስለሆንኩ የዕለቱን ምንዛሪ በቃሌ የምይዝ ይመስላቸዋል። ብዙ ጊዜ እይዘዋለሁ።

ከአጎታችን ጋር ሽማግሌ ሆነን ሞጣ፣ ከእጮኛው ቤት ስንሄድ ለጥሎሽ አንድ የወርቅ ሐብል ቃል ገባን። ሐብሉ ከወንድሜ አበል ሊገዛ፣ ሠርጉም እሱ የዕረፍት ፈቃድ ሲያገኝ ሊሆን ነበር። አበሉ የሚታሰበው በዶላር ነው፤ ባንክ የሚገባለት ግን በብር። ያኔ ማናችንም ይህን ነገር ብለን አላነሳነውም።

ከዚያ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ፤ ዶላርም በአንዴ ናረ። ዜናውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ በሬዲዮ ያነበብኩትም እኔው። በማግስቱ ጎረቤቱ ለእናታችን «እንኳን ደስ አለሽ» ይል ጀመር። እሷም ምርቃቱን ተቀበለች።

ለወራት የዘገየው አበል የገባው ከዚያ በኋላ ነው፤ የተሰላው ግን በአሮጌው ምንዛሪ። ሥራው የተሠራበት ጊዜ ከለውጡ በፊት ስለሆነ ነው ተባልን። የአበሉን ሒሳብ የሚሠሩትን ሰዎች ስጠይቅ ወደ ባንክ መሩኝ፤ ባንኩ ወደ ገንዘቡ ላኪ መራኝ፤ ላኪው ተመልሶ ወደ ሰዎቹ። ወርቁ በበኩሉ ከዶላሩ ጋር እኩል ወጥቷል። ሞጣ ያለው ወርቅ ሻጭ ሐብሉን ከሚዛኑ አንስቶ «እኔም የምተካው በዛሬው ዋጋ ነው፣ ወንድሜ» አለኝ። ልክ ነበር። የያዝነው ብር ለጆሮ ጌጥ በቃ።

ተዘግቶ የሰነበተው መንገድ ሲከፈት የጆሮ ጌጡን ይዘን ከአጎቴ ጋር ሄድን። የልጅቷ አባት እሽጉን ገልጠው አዩና መልሰው ሸፈኑት።

«ዶላር ሲጨምር የእናንተ ወርቅ እንዴት ቀነሰ?»

«አባባ፣ ገንዘቡ በድሮው ሒሳብ ነው የገባ።»

«ዜናውን ያነበብከው አንተ አይደለህም እንዴ? ሬዲዮኑን ጆሮዬ ላይ ለጥፌ ነው የሰማሁህ! አሁን ደግሞ ወንድሜን አይመለከትም ልትለኝ ነው?»

አጎቴ ነገሩን ለማብረድ «ዶላሩስ ወጥቷል፤ እኛን ሳይዝ ነው እንጂ የወጣ» አለ። የሳቀለት የለም።

«ወርቁ ይቅር» አሉ አባትየው። «ልዩነቱ የት ገባ? እዚያ ሌላ ጎጆ እየቀለበበት እንደሆነስ ምን አውቄ!»

አስረዳኋቸው። ደግሜ አስረዳኋቸው። ድምፄን አላነሳሁም፣ ውስጤ ግን ነዷል። ሰውየው ሞኝ አይደሉም። የጠየቁኝ እኔ ሹም ፊት መቅረጸ ድምፅ ይዤ የምጠይቀውን ነው፤ ልዩነቱን ማን ወሰደው? ለዜናው ያጣሁትን መልስ ለእሳቸውም አጣሁት። ወንድሜ እንዳልበላው አውቃለሁ፤ ማን እንደበላው ግን አላውቅም፤ ግማሽ መልስ ደግሞ ልጅ ለሚድር አባት መልስ አይደለም።

«ሠርጉ ይቆይ» አሉ በመጨረሻ። «ራሱ መጥቶ ይንገረኝ።»

ልጅቷ እስከ በር ሸኘችን። ቀድማን ወጥታ ቆመችና «ወርቁን አልፈልግም አለች ብለህ እንዳትነግረው» አለችኝ። «እፈልገዋለሁ። ግን እሱ እንዳልደበቀኝ አምናለሁ በለው።»

«ይኼን ለአባትሽ ብትነግሪያቸውስ?» አለ አጎቴ።

«ነግሬያቸዋለሁ። አንቺ ምን ታውቂያለሽ አሉኝ።»

ጠፍቶ የከረመው ኔትወርክ ሲመለስ ወንድሜ ደወለ። መጀመሪያ የእሷን ቃል ነገርኩት፣ አንድም ሳላጎድል። ትንሽ ሳቀ። ቀጥሎ «አባቷስ?» አለኝ።

ካለበት ፀሐይና አቧራ መሀል ሆኖ የሚጠብቀው «አመኑ» የሚል አንድ ቃል እንደነበር ገብቶኛል። ሌላ ሰው ቢሆን ይለግሰው ነበር።

«አላመኑም» አልኩት።

«አንተ እያስረዳሃቸው?»

«እኔ እያስረዳኋቸው።»