ወንዙን ማን ይረከበው

ወንድሜ የሞተው በረፍት ቀኑ ነው። ከካዚኖ የሥራ ጓደኞቹ ጋር ጀልባ ተከራይተው ኮሎራዶ ወንዝ ላይ ሲሄዱ፣ ጀልባዋ ውሃ የሸፈነውን አለት መትታ ተገለበጠች። አለቱ ላይ ለጀልባ ነጂዎች የሚያስጠነቅቅ ተንሳፋፊ ምልክት ነበረ፤ ግን ገመዱ ተበጥሶ ውሃው ወስዶታል። ምልክቶቹን የሚጠብቀው የመንግሥት መሥሪያ ቤት መጥፋቱን ቀድሞ ያውቅ ነበር። ሌሎቹ ዋኝተው ወጡ። እሱ ዋና አይችልም።

ስፕሪንግ ቫሊ የሚባል ሰፈር ያለው አፓርታማችን ለቀናት በለቀስተኛ ተሞላ። ከሺፍት ወጥቶ ከነዩኒፎርሙ የመጣ አለ፣ ለዓመታት ዓይኑን ያላየነው ሰው አለ። እናቴ በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና ትላለች። ማንን እንደምትጠብቅ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ ከመሥሪያ ቤቱ አንድ ሰው መጥቶ «እግዜር ያጥናችሁ» ይለናል ብላ ነበር። እኔ ግን ይህን አገር አውቀዋለሁ። መምጣት ጥፋትን ማመን ይሆንባቸዋል፣ ጠበቃቸውም አይፈቅድላቸውም። ይህን ለእሷ በምን አፌ ልንገራት?

ዓመቱ ሊደርስ ሲል መሥሪያ ቤቱ ሕዝብ ሊያማክር ስብሰባ ጠራ። ወንድሜ በሞተበት በኩል ያለውን የጀልባ መተላለፊያ፣ ምልክቶቹንና መብራቶቹን ጭምር፣ ለአንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ሊያስረክብ ነው። ለእናቴ ስነግራት፦

«ወንዙ ምን ቸግሮት ነው በጎ አድራጎት የሚገባው?» አለች።

ሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር።

ስብሰባው ግሪን ቫሊ በሚባል ሰፈር አንድ አዳራሽ ውስጥ ነበር። የአገራችን ሰዎች ሺፍት ቀይረው፣ ሥራ አስፈቅደው መጥተው የኋላውን ረድፍ ሞሉት። እንደ ልማዳችን ስለ ሁላችን የሚናገሩ አንድ ሽማግሌ መርጠናል። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል የተሰደዱ፣ ተናግረው የሚሰሙ ሰው ናቸው። ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ምልክቶቹ በየጊዜው እንዲፈተሹ፣ የጠፋውም ሳይውል ሳያድር እንዲተካ በእርጋታ ጠየቁ። ሰብሳቢዋ አመሰገነቻቸው፤ አንድ አስተያየት ብላም አስመዘገበች። ከዚያ ሌላ ተናጋሪ ካለ ጠየቀች። ከእኛ ወገን የተነሣ የለም። አጠገቤ የተቀመጠውን ታክሲ ነጂ ጎሸም አደረግሁት።

«ጋሼ ሁሉንም ኮቨር አድርገውታል፤ ከሳቸው በኋላ እኔ ምን ልበል?» አለኝ።

ያ ሁሉ ሰው እንደ አንድ ሰው ተቆጠረ። ደሜ ፈላ። ተነሥቼ ልጮህ ስል እናቴ እጄን ያዘችኝ።

«ተይ፣ እኔ ልናገር። አንቺ አስተርጉሚልኝ፤ እንዳታሳምሪው ብቻ።»

በሰው ፊት ተናግራ አታውቅም። ጥቁር ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች።

«የሞተው ልጅ እናት ነኝ። መንግሥት ያዘው፣ በጎ አድራጎት ያዘው፣ ለእኔ ያው ነው። አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ። ነገ ያ ምልክት ጠፍቶ የሰው ልጅ ቢሞት፣ ከእናንተ ውስጥ ለቅሶ የሚደርሰው ማነው?»

ለቅሶ መድረስን በእንግሊዝኛ ቃል ስላጣሁለት ዘርዝሬ ተረጎምኩ። እናትየው ቤት ሄዶ አብሯት የሚቀመጠው ማነው፣ አልኳቸው። ሰብሳቢዋ በሐዘናችን ማዘኗን ገልጻ፣ ጥያቄው ግን ከዕለቱ አጀንዳ ውጭ እንደሆነ ተናገረች። እናቴ ቃሉን ሳልተረጉምላት ገባት፤ ተቀመጠች።

ያኔ የበጎ አድራጎት ድርጅቱ ኃላፊ፣ ጸጉሯ የሸበተ ሴት፣ ከመድረኩ ወርዳ ወደ እኛ መጣች። ወንበሬን ለቀቅሁላት። እናቴ አጠገብ ተቀምጣ እጇን ያዘች። ፊት ለፊት ስለ ጀልባ ማውረጃዎች ጥገና ውይይቱ ቀጠለ። እናቴ ቤታችን በሰው ተሞልቶ ያልወጣላትን ለቅሶ እዚያ አለቀሰችው። ሴትዮዋም እናቴ አልቅሳ እስክትጨርስ ድረስ ከጎኗ አልተነሣችም። እኔ ደግሞ እያለቀስኩም ቢሆን ተናደድኩ፤ መምጣት የነበረባት እሷ አልነበረችማ። መምጣት የነበረባቸው የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች መድረኩ ላይ ተቀምጠው ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ እናቴ በመኪናው መስኮት ወደ ውጭ ታይ ነበር።

«ወንዙን ለሷ ይስጧት» አለች በመጨረሻ።