የጤና መድንን በእድር ያስረዳሁ ዕለት

ቦንጋ ሳስተምር፣ የጤና መድን የሌላቸው ልጆች በትምህርት ቤት በኩል ከነቤተሰባቸው ይመዝገቡ ተባለ። ወላጆችን የማሳመኑ ሥራ እኔ ላይ ወደቀ። ርእሰ መምህሩ የመረጠኝ አፍህ አያርፍም ብሎ ነው።

ወላጆች መጡ፣ ሰሙ፣ የሚመዘገብ ግን ጠፋ። በተለይ የአንዲት አራተኛ ክፍል ተማሪዬ አባት፣ ጫካ ውስጥ ቀፎ የሚሰቅል ዝምተኛ ሰው፣ ጤነኛ ልጅን ለበሽታ ማስመዝገብ ሟርት ነው ብሎ ድርቅ አለብኝ። ይህ ሰው ታላቋን ልጁን የቀበረው፣ ማር ቆርጦ እስኪሸጥና እስኪያሳክማት ሲጠብቅ ነው። ታናሺቱንም ብርድ በመጣ ቁጥር ደረቷን ያፍናታል። ፈራሁላት፤ እኔ ደግሞ ስፈራ እቆጣለሁ።

"እድር ማለት እኮ ነው" አልኩ ጠረጴዛውን እየመታሁ። "ሁሉም ያዋጣል፣ ለቸገረው ይደረስለታል። ልዩነቱ ሰው ሳይሞት መድረሱ ነው።"

እድርን የማያውቅ ማን አለ? ሁሉም ተመዘገበ፣ እሱም ጭምር። የቀበሌ ካድሬዎች በስንት ስብሰባ ያቃታቸውን በአንድ ቃል ጨረስኩት ብዬ ደረቴን ነፍቼ ሰነበትኩ።

ዝናቡ ሲበረታ ልጅቷ ታመመች። አባቷ ማር እስኪደርስ አልጠበቀም፤ የመድን መታወቂያውን ይዞ፣ አዝሏት በማለዳ ጤና ጣቢያ ገባ። ወሬው ክፍል ውስጥ ሲደርሰኝ ጠመኔዬን እንደያዝኩ ሮጥኩ። የጤና ጣቢያው በር ላይ ስደርስ ቆምኩ። የእድሩ ድንኳን ግቢው መሀል ተተክሏል። የተማሪዎቼ ወላጆች አግዳሚ ላይ ተደርድረዋል፤ ሴቶቹ ቆጮ ይዘው መጥተዋል።

"መቼ አረፈች?" አልኩ።

ገመድ የሚወጥረው ሰውዬ ግራ ገብቶት አየኝ። ልጅቷ መርፌዋን ተወግታ ተኝታለች አለኝ። እድርተኛ ሲቸግረው የቀረ ይቀጣል፤ እድር ነው ያልኩት እኔው ራሴ አይደለሁም? እንዲያውም አርፍጃለሁና ቅጣት እንዳለብኝ ነገረኝ።

ነርሷ ሌሎቹን በሽተኞች አስደነገጣችሁብኝ ብላ ብትቆጣ የሚሰማት አጣች። በዚህ መሀል ልጅቷ ነቅታ በመስኮት ድንኳኑን አየች።

"አባዬ፣ ሞቼ ነው?" አለች።

ግቢው በሳቅ ፈረሰ፤ ነርሷም አልቀረች። አባቷ ብቻ አልሳቀም። አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጠና ግንባሯን ዳበሳት።

"ይሄን ድንኳን እህትሽ አላየችውም" አላት። "አንቺ አየሽው። ደህና አድርገሽ እዪው።"

ቅጣቴን ሳልከራከር ከፈልኩ።