እናቴ የተቀበረች ለታ ሐይቅ እዞር ነበር

አናቱ ላይ ያለውን ሐይቅ ልናይ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር የወጣነው ተራራ ወገብ ላይ ድንኳን ተክለን ሻይ ስናፈላ የአንዱ ጓደኛዬ ስልክ ጠራ። ኔትወርክ የያዘለት እሱ ብቻ ነበር። ራቅ ብሎ አወራና ተመልሶ «ከቢሮ ነው» አለኝ። ቅዳሜ ማታ ከቢሮ! እኔ ጅሉ አመንኩት።

የደወለችው ታላቅ እህቴ ነበረች። እናታችን ቂርቆስ ባለው ቤታችን በድንገት አርፋለች፤ ቀብሩ እሁድ ዘጠኝ ሰዓት ነው። «ቤት ሳይደርስ እንዳትነግረው፤ ብቻ ቶሎ ይዘኸው ና» ብላዋለች። ይህን ሁሉ የሰማሁት በኋላ ነው። በእኛ ወግ መርዶ መንገድ ላይ አይነገርም፤ ያውም ገደል አፋፍ። እኔም በእሱ ቦታ ብሆን ያንኑ ነበር የማደርገው።

ጠዋት ሦስቱም ጓደኞቼ ሌላ ሰው ሆነው ነቁ። አንዱ ቦርሳዬን ካልተሸከምኩ አለ፣ ሌላው የራሱን እንቁላል ልጦ ሰጠኝ።

«ምን ነካችሁ? ልትድሩኝ ነው እንዴ?» አልኳቸው። ማንም አልሳቀም።

«በቃ ሐይቁ ይቅርብን፤ ደመናው አላማረኝም» አለ ስልክ የተደወለለት።

ቀና ብዬ ባይ ሰማዩ ጥርት ብሏል። ነደደኝ። ካዛንቺስ ካለው ቢሯችን ወንበር ላይ ሆኜ ስንት ወር ያለምኩት ሐይቅ ጋ ለመድረስ የሁለት ሰዓት መንገድ ብቻ ቀርቶናል! ፈሪ አልኳቸው፤ ሌላም የማልጽፈውን ስድብ ጨመርኩ። ያ ጓደኛዬ አንድ ቃል ቢተነፍስ ኖሮ ወደ ቤት እበር ነበር። ግን ምን ብሎ ይመልሰኝ? በእኛ አገር «እናትህን ትንሽ አሟቸዋል» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሕፃን እንኳ ያውቃል። ጎንበስ ብሎ ጫማውን አሠረ። እኔ ፊት ፊት እየመራሁ ወጣን።

ሐይቁ እውነትም ያምር ነበር። ሰው የሚያክል የጅብራ ተክል ከቦታል፣ ውሃው አጥንት ይሰብራል። እግሬን ነክሬ ያንኑ ጓደኛዬን ፎቶ አንሳኝ አልኩት፤ አንድ ብቻ አንስቶ ስልኬን መለሰልኝ። «እንሂድ» አለኝ። ሦስቴ አለኝ።

«ሳልዞረውማ አልመለስም። ምን ያስቸኩለናል? ማን ይጠብቀናል?» አልኩት።

ዞርኩት። ቀስ እያልኩ፣ እያፏጨሁ።

ሰፈር ስንደርስ አስራ ሁለት ሰዓት ሆኖ ነበር። በራችን ላይ ድንኳን ተተክሏል። አጎቴ ሮጦ ብብቴ ሥር ገብቶ ደገፈኝ፤ ሌላ ምንም መናገር አላስፈለገውም። የት ናት ብዬ ስጮህ ድምፅዋ የተዘጋው እህቴ መጥታ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች።

«እስከ አስር ተኩል አስጠበቅናት» አለችኝ። «ቄሱ ሌላ ቀብር አለብኝ ሲሉ ነው የቀበርናት። ምነው ቆየህ?»

የሐይቁ ፀሐይና ንፋስ ዓይኔን አቅልቶታል፣ ፊቴን ለብልቦታል። ለቀስተኛው አየኝና «ቀኑን ሙሉ ሲያለቅስ ውሎ እኮ ነው» ብሎ አዘነልኝ።