ቁልፍ ተቀባይዋ ብርቄ

የልብስ ስፌት መኪናዬ ፊቱን ያዞረው ወደ ትልቁ ሱቅ በር ነው። ሱቁ በየከተማው ቅርንጫፍ ያለው የአንድ ድርጅት ነው፤ እዚህ ቦንጋ ከሳሙና እስከ ፍሪጅ አንድ ጣሪያ ሥር የሚገኝበት ሌላ ቤት የለም። እኔ ደግሞ የሰው ጉዳይ ካልጠየቅሁ ምግብ አይወርድልኝም። ስለ ብርቄ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ቢኖር ራሷ ብርቄ ብቻ ናት።

ብርቄ የዋጫ ከተማ ልጅ ናት። ሱቁ ሲከፈት በሽያጭ ሠራተኝነት ተቀጠረች፤ ቀጥሎ ገንዘብ ተቀባይ ሆነች፤ እዚያው ቀረች። ሥራ አስኪያጅ በለቀቀ ቁጥር ግን ቁልፉ የሚሰጠው ለእሷ ነው። የድርጅቱ ልማድ ነው፤ ሠራተኛው በተሰበሰበበት ቁልፉ ይሰጣል፣ ይጨበጨባል፣ የተረከበው ሰው ሌላ እስኪመደብ ተጠባባቂ ሆኖ ይሠራል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ቁልፉን ስትቀበል የተሾመች መስሏት ነበር። እኛም መስሎን ነበር። በግ ታረደ፣ ጎረቤት ተጠራ፣ እኔም ሰማያዊ ኮት ሰፍቼላት "ሥራ አስኪያጃችን" እያልን በላን ጠጣን። ብዙም ሳይቆይ ከጅማ አንድ ጎልማሳ ተመድቦ መጣ። ብርቄ ቁልፉን አስረከበችው፤ ተጨበጨበ። ከእሱ በኋላ ሌላ መጣ፤ ከዚያም ሌላ። ሁሉም ወንዶች፣ ሁሉም ሥራውን እሷን እየጠየቁ የለመዱ ናቸው። ያን ኮት ከዚያ ወዲህ ለብሳው አይቼ አላውቅም።

ለምን ይሆን የሚለው ነገር ሲከነክነኝ ኖረ። ትምህርት ነው እንዳይባል በማታ ተምራ ዲግሪዋን ይዛለች። ስንፍና ነው እንዳይባል ከሁሉም ቀድማ የምትገባ እሷ ናት። አንድ ቀን አላስቻለኝም፤ አፍ አውጥቼ ጠየቅኋት።

"እኔን ቤተሰብ አለሽ፣ ኃላፊነቱ ይከብድሻል ይሉኛል" አለችኝ። "ለወንዱ ደግሞ ቤተሰብ አለው ብለው ደመወዝ ይጨምሩለታል።"

ይህን ስሰማ መርፌው ጣቴን ሊበሳኝ ነበር። በጣም ተናደድኩ።

ዘንድሮ ሥራ አስኪያጁ በድንገት ለቀቀ። ቁልፉን የሚያስረክብ ነቢዩ የሚባል ሱፐርቫይዘር ከዋናው መሥሪያ ቤት መጣ። የገበያ ቀን ስለነበር ራቅ ካለችው ሺሺንዳ የመጣው ገበያተኛ ሳይቀር ሱቁ እስኪከፈት በሩ ላይ ቆሟል። እኔም ሜትሬን አንገቴ ላይ እንዳንጠለጠልኩ ወደ ሱቁ ተሻገርኩ።

ነቢዩ ቁልፉን ዘረጋላት። ብርቄ እጇን ከጋውኗ ኪስ አላወጣችም። ቦታው ለእሷ ተሰጥቶ እንደሆነ በትሕትና ጠየቀችው። ለጊዜው በተጠባባቂነት ነው አላት። እንግዲያው ለሌላ ሰው ይስጡ አለችው። ሰውየው ግራ ገብቶት ወደ ሳሙኤል ዞረ፤ ሳሙኤል እሷ ራሷ ሥራ ያስለመደችው የመጋዘን ሠራተኛ ነው። እሱም ፈራ ተባ እያለ፣ አበል ይኖረው እንደሆነ ጠየቀ።

"የውክልና አበልማ ያለ ነው" አለ ነቢዩ፣ ምንም ሳያስብ።

ብርቄ ያን ሁሉ ጊዜ በተጠባባቂነት ስትሠራ እንዲህ ያለ አበል መኖሩን እንኳ የነገራት አልነበረም።

"ለእኔስ?" አለችው።

"አንቺ እኮ ጠይቀሽ አታውቂም።"

"ዛሬ የጠየቅሁት ቦታውን ነው" አለችው፣ ድምፅዋን ከፍ ሳታደርግ።

ሳሙኤል አንገቱን ደፍቶ ቁልፉን ሳይቀበል ቀረ። ገበያተኛው ማጉረምረም ሲጀምር ነቢዩ ራሱ በሩን ከፈተ። ብርቄም እንደ ወትሮዋ ገብታ የገንዘብ መቀበያዋ ላይ ተቀመጠች።

ይኸው ነቢዩ እስካሁን አልጋ ተከራይቶ ቦንጋ ተቀምጧል። ጠዋት ጠዋት እሱ መጥቶ እስኪከፍት ብርቄ ቀድማ ደርሳ በሩ ላይ ትጠብቃለች። ማንን ሊሾሙ ነው ብዬ ብጠይቀው፣ "እኔ ምን አውቃለሁ እትዬ፣ እኔ ተጠባባቂ ነኝ" አለኝ። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ።

ትናንት ብርቄ ያን ሰማያዊ ኮት ይዛ መጣች፤ ወገቡ ጠቧታልና እንዳሰፋላት። ነቢዩ ያለኝን ስነግራት አልሳቀችም። እየፈራሁም ቢሆን፣ አሁንም ሌላ ወንድ ቢያመጡስ ብዬ ጠየቅኋት።

"ሊያመጡ ይችላሉ እትዬ" አለችኝ። "ቁልፉን ግን ከእኔ እጅ አይቀበልም።"