የጻፍኩትን ያነበበው የድሬ ልጅ

ሐርጌሳ ውስጥ ቤት በቁጥር አይገኝም። ደንበኛው ይደውልና ቤቱን በአፉ ይነግረኛል፣ እኔ እጽፈዋለሁ፣ የጻፍኩት ለባጃጅ ነጂው ይደርሰዋል። ከዋሄን ገበያ ዕቃ ገዝቶ ቤት ድረስ በሚያደርስ ድርጅት ውስጥ የአማርኛው ስልክ የኔ ነበር፤ የሚደውሉትም፣ እኔ የምጽፍላቸው ነጂዎችም እንደኔው ከኢትዮጵያ የመጡ ናቸው። ግንበኛው ከአያሃ ሰፈር ይደውላል፣ የቤት ሠራተኛዋ ከአሠሪዎቿ ግቢ፣ ልብስ ሰፊው ከዳሚ። የመንገድ ስም የሚነግረኝ የለም። እኔ ደግሞ ግጥም ስለምጽፍ አሳጥሬ ማለፍ አይሆንልኝም፤ እንዲህ ነው የምጽፈው፦ «ከውሃ ታንከሩ በስተግራ ታጠፍ። በሩ ሰማያዊ ነው፤ ቀለሙ ከታች ስለረገፈ ሱሪውን ጠቅልሎ ጭቃ የሚሻገር ሰው ይመስላል።»

ግጥሞቼን ግን የሚሰማ አልነበረም። ይህ ከተማ ግጥም ይወዳል። ሻይ ቤት ውስጥ አንድ ሽማግሌ ግጥም ሲጀምር ብርጭቆ የሚያንኳኳ አይኖርም። ግጥሙ ግን በሶማሊኛ ነው። እኔ ጥግ ይዤ ሻዬን እየጠጣሁ፣ በማላውቀው ቋንቋ የሚደመጠውን ሽማግሌ እመቀኘው ነበር።

ከዚያ አንድ የድሬዳዋ ልጅ ድርጅታችን ውስጥ ተቀጠረ። እኩያዬ ነው፣ ኮሌጅ ገብቶ ኮምፒውተር ተምሯል። ሶማሊኛውን ያንበለብለዋል፣ አማርኛውን ይቀልድበታል፣ የቢሮ እንግሊዝኛውም አያንሰውም። እንደ አገሩ ልጆች ወንዱንም ሴቱንም «አንቺ» ነው የሚለው። በመጣ በሳምንቱ ነጂዎቹ ምሳ ሰዓት ላይ አጠገባቸው ቦታ ይይዙለት ጀመር። ለኔ ይዘውልኝ አያውቁም።

የድርጅቱ ባለቤት ሐጂያ የምንላቸው ሴት ናቸው። በስደት ዘመን ኢትዮጵያ ስላደጉ አማርኛቸው እንደኛው ነው። አንድ ቀን ሁለታችንንም ጠሩን።

«ኮምፒውተሩ ላይ የምንሞላው ይሄ ሠንጠረዥ አልቻለንም» አሉ። «ለደንበኛ ስም ቦታው አይበቃም፣ አድራሻ ይቆርጣል። ሠንጠረዥ ያልሆነ የመረጃ ማስቀመጫ፣ ዳታቤዝ የሚሉትን፣ ያዙ ብለውኛል የሚያውቁ ሰዎች፤ ዓይነቱ ግን ብዙ ነው አሉ። አስቡበትና ረቡዕ ከቀትሩ የዙህር ሶላት በኋላ ንገሩኝ። ምርጫው የተወደደለት ራሱ ይይዘዋል።»

መያዝ ማለት ፎቅ ላይ ያለችውን ክፍል ማግኘት ነው። መስኮቷ ከከተማዋ ዳር ወዳሉት ሁለት ኮረብቶች ያያል፣ ስልክ አይጮህባትም፣ አንድ ነገር ማወቅ የፈለገ ሁሉ ደረጃውን ወጥቶ ይጠይቅሃል። ያቺን ክፍል ከግጥሞቼ እኩል ፈለግኳት።

ማታ ማታ በስልኬ አነበብኩ። በመጨረሻ ቁልፍና ዋጋ የሚባለውን ዓይነት መረጥኩ፤ አንድ ቁልፍ ትሰጠዋለህ፣ በዚያ ቁልፍ ያስቀመጥከውን ይመልስልሃል። ያ ልጅ ምን እንደመረጠ አልጠየቅኩትም። የፈራሁት እንዳይመስለው ነው።

ረቡዕ ነጂዎቹም መጥተው ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። እኔ ቀደምኩ። «ቁልፉ ስልክ ቁጥሩ ነው። ቁጥሩን ሲሰጡት በሩ ይከፈታል። በፍጥነት የሚያህለው የለም» አልኩ። አነጋገሬ ለራሴ አማረኝ።

«አያሃ ያለው ነጂ፣ እዚያው ሰፈር ያዘዘ ሌላ ሰው አለ ወይ ቢልስ?» አሉ ሐጂያ።

«ቁጥሩን ካወቀ…»

«ቁጥሩን ካወቀማ ምን ያስጠይቀዋል ልጄ?»

ነጂዎቹ ሳቁ። የድሬው ልጅ ግን አልሳቀም፤ ቢስቅብኝ ይሻለኝ ነበር። የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ተነሳ።

«ሐጂያ፣ የሱ ምርጫ መጥፎ አይደለም» አለ። እሳቸውንም «አንቺ» ነው የሚላቸው፣ እሳቸውም ደስ ይላቸዋል። «መናኸሪያ ሻንጣ የሚያስቀምጠውን ሰውዬ አስቢ። ቁጥር ትሰጪዋለሽ፣ ሻንጣሽን ያወጣልሻል። ፈጣን ነው። ‹ብርድ ልብስ ያለበትን ሻንጣ ሁሉ አምጣ› ብትይው ግን አይችልም። አልከፈተውማ።»

ያ ምሳሌ የኔ መሆን ነበረበት። ከዓመት በላይ በዚያ መናኸሪያ አጠገብ አልፌያለሁ፣ ሰውዬውንም አውቀዋለሁ።

«ሌላው ዓይነት ደግሞ ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ የሚያስቀምጥ ነው። ዘመድ ከዘመድ፣ ጎረቤት ከጎረቤት…»

«እሱን ተወው። ማን የማን ልጅ እንደሆነ ለማወቅ መብራት መክፈል አያስፈልገኝም» አሉ ሐጂያ።

ሳቁ ሲበርድ ቀጠለ። «ለኛ የሚሆነን ዶክመንት የሚባለው ነው። ለየደንበኛው የራሱ ሻንጣ፣ ግን የሚከፈት። አንዱ ሁለት ስልክ አለው፣ አንዷ በጎረቤቷ ስልክ ታዛለች። አንዱ ከነአባቱ ከነአያቱ ስሙ ከሌላ ሰው ጋር አንድ ስለሆነ ቅጽል ስሙ ይገባለታል፤ ረጅሙ፣ ግራኙ። ቅጽል ስም የሌለው ደግሞ ባዶ ቦታ አይዝም። ጣጣው እኛው ነን፤ ሁላችንም በየፊናችን ከጻፍን ነገ ፈልገን አናገኘውም። አሁን አድራሻውን ልንገራችሁ።»

ስልኩን አውጥቶ ማንበብ ጀመረ። ሰማያዊው በር፣ ሱሪውን የጠቀለለው። ከዚያ የልብስ ሰፊው ቤት፣ ከዚያ ፍየል ጣሪያው ላይ የምትተኛበት ግቢ። እኔ የማላርፍበት ቦታ ላይ እያረፈ፣ ቀስ ብሎ ነው ያነበበው። ነጂዎቹ ከግድግዳው ተላቀው ጠጋ አሉ። ሐጂያ ዓይናቸውን ጨፈኑ፣ ሻይ ቤት ውስጥ ሰዎች ለሽማግሌው እንደሚጨፍኑት።

«ይሄን የጻፈው ማን ነው?»

«እሱ ነው» አለ ወደኔ እያሳየ። «ሠንጠረዡ ግማሹን ይቆርጥበታል። ዶክመንት ያልኩት ሙሉው እንዲገባ ነው።»

ሁሉም ዞር ብለው አዩኝ። ስመኘው የኖርኩት ነገር ነበር፤ ግን የሰሙት የሱን ድምፅ ነው። የገዛ ቃሎቼ በሰው አፍ አምረው ሲወጡ መስማት እንዲህ እንደሚያቃጥል አላውቅም ነበር።

ክፍሏ የሱ ሆነች። በሳምንቱ ወደ ላይ ጠራኝ፣ ደረጃውን ወጣሁ። ኮረብቶቹ ከመስኮቱ ወለል ብለው ይታያሉ።

«ኮምፒውተሩ ላይ አንቺ አድራሻ የምትጽፊበትን ሳጥን ምን እንበለው? በእንግሊዝኛ ‹ኖትስ› ነው የሚሉት።»

«መንገድ በለው» አልኩ። «ስንት ፊደል ይይዛል?»

«የፈለግሽውን ያህል ጻፊ።»

የድሬው ልጅ ቤት ሲከራይ ፍራሽ ያዘዘው በኔ፣ በአማርኛው ስልክ ነው። በሶማሊኛው መስመር ማዘዝ ይችል ነበር። ቤቱን ነገረኝ፣ እኔም «ዳሚ፣ አረንጓዴ በር» ብዬ ተውኩት። ዳሚ ውስጥ አረንጓዴ በር ሞልቷል፤ ነጂው እስኪያገኘው ፀሐይ ላይ ቆሞ ይጠብቅ አልኩ።

ነጂው የባጃጁን ሞተር አስነሳ። «ጠብቅ» አልኩትና እንደገና ጻፍኩ።

«ከሚስማር ሻጩ ቀጥሎ ያለው አረንጓዴ በር። ከበሩ በላይ ያለው አምፖል ቀንም አይጠፋም፤ እንግዳ ቀጥሮ የዘገየበት ቤት ይመስላል።»

ነጂው አነበበና ፈገግ ብሎ ሄደ። የኔን ቤት እንዲህ አድርጎ የጻፈልኝ ሰው የለም።