የባንቺዓለም ባቄላ

እሷማ አሁን በአሸተን ማርያም መንገድ ዳር ተቀምጣ ለመንገደኛውም ለፈረንጁም ንፍሮ ትሸጣለች። ባንቺዓለምን ነው የምልሽ፣ የቢሆነኝን ሚስት። ንፍሮው እንዴት እንዲህ ለሰለሰልሽ ብትያት ትነግርሻለች። ስለ ቄስ አዳም ጥምጥም ከጠየቅሻት ግን ሥራ አለብኝ ብላ ትነሣለች። እኔ እንኳ ሰው አላማም። ግን ቤታችንን የሚለየው አጥር ብቻ ነው፣ ምን ላድርግ?

ስትዳር ከተከዜ ወገን ነው የመጣች፣ ከቆላ። ማሽላ እየበላች ያደገች፣ ሳቋ ወንዝ ማዶ የሚሰማ ልጅ። እኛ ደግሞ ያለነው ገብሱ እንኳ አንዳንድ ዓመት የሚለግምበት አገር ነው፤ ከእኛ በላይ ጅብራና ቀይ ቀበሮ ነው ያለው። ዳገቱን ስትወጣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ ሲልባት፣ አማቷ የትናየት በር ላይ ቆማ፣ «ምራት አምጡልኝ ብል በሽተኛ አመጣችሁልኝ?» አለች። አቀባበሏ እንዲህ ነው። እኔንማ ከዚህ የባሰ ትለኛለች።

ታዲያ ይቺ ልጅ ባቄላ ስትቀቅል አይበስልም። ውሃው ይንተከተካል፣ እንፋሎቱ ቤቱን ይሞላል፣ ባቄላው ጠጠር። ቢሆነኝ ዝም ብሎ ይቆረጥመዋል፤ እሱ ከተወለደ ጀምሮ ዝም ነው። የትናየት ግን «እጇ ነው! እጇ እሳት አይቀበልም!» እያለች አገሩን አዳረሰች። የራሷን ባቄላ ዘፍዝፋ እንደምታሳድር ለምራቷ አልነገረቻትም። ምራቷም አልጠየቀች፤ እነሱ አገር ጠዋት የተጣደ ለምሳ ይደርሳል።

የማርያም ማኅበር ተራው እነሱ ቤት ሲደርስ የትናየት ቁርጡን ነገረቻት። እኔ አጥሩ ሥር ጎመን እየቀነጠስኩ ነበር።

«ንፍሮውን የምትቀቅይው አንቺ ነሽ። በማኅበርተኛው ፊት ጥሬ ከወጣ በማግስቱ ቆላሽ ትወርጃለሽ። ለልጄ ሌላ አላጣለትም።»

«እሺ፣ እማማ።»

ከዚያ ወዲያ ሳቋን አልሰማሁም።

እኔ ቤት የተከራየ ምስጋኑ የሚባል መምህር አለ። እንቁላል መጥበስ አይችልም፤ ሰማይን ግን ያውቃል። ልጅቷ እሳት ልትጭር መጥታ እሱ ፊት አለቀሰች።

«ጥፋቱ ያንቺ አይደለም፤ የአየሩ ነው» አላት።

«አየር ባቄላዬን ምን አደረገው?»

«አየር ክብደት አለው። እንደ ጋቢ ተደራርቦ ነው የለበስነው። ቆላ ስትሆኚ ጋቢው ሁሉ ከላይሽ ነው። እዚህ ሲሶውን ረግጠሽው ወጥተሻል፤ ከላይሽ የቀረው አንሷል። ውሃውን ተጭኖ የሚይዘው ስለሌለ በደንብ ሳይግል ይፈላል።»

ከዚያ ሰማዩን ፎቅ በፎቅ ይዘረዝርልን ጀመር። ታችኛው ደመናና ዝናብ ያለበት ነው አለ። ከሱ በላይ የፀሐይን ክፉ ጨረር የሚያጣራ አለ። ደግሞ ከሱ በላይ ተወርዋሪ ኮከብ የሚነድበት፤ ከዚያ እየሳሳ እየሳሳ ሄዶ ያልቃል። ነፍስ ያለው ሁሉ የሚኖር ግን ከሥር ነው፣ እንደ ወተት ስልባቦት በሳሳች ነገር ውስጥ።

«ቄስ አዳም ሰማይ ሰባት ነው የሚሉት» አልኩት።

«የሳቸው ሌላ ነው፣ እማማ።»

«የሳቸው እኮ መላእክት አሉበት። ያንተ ማን አለበት?»

«ማንም።»

ማንም ለማይኖርበት ያን ሁሉ ፎቅ! ተውኩት፤ ተከራይ ነው።

ባንቺዓለም ግን የያዘችው ጋቢውን ነው። «ጋቢ ከጎደለው እኔ እደርብለታለሁ» አለች። መምህሩም ክዳኑን በሊጥ አሽጊ፣ ድንጋይ ጫኚበት ብሎ መከራት። መተንፈሻ ተዪለት ማለቱን ረሳው።

በማኅበሩ ቀን ብረት ድስቱን ጣደች፣ ዙሪያውን በሊጥ መረገችው፣ መጁን ከወፍጮው አንስታ ጫነችበት። እኛ ተሰብስበናል። ቄስ አዳም ዓይናቸውን ጨፍነው ጸሎት ላይ ናቸው። የትናየት የምራቷን ልብስ በነጠላ ጠቅልላ በር ሥር አስቀምጣለች። ድስቱ መጀመሪያ አጉረመረመ። ከዚያ ዝም አለ። ዝምታውን አልወደድኩትም።

ክዳኑን በኋላ ከቆጥ ላይ አወረድነው። ባቄላው ጣሪያውን መትቶ ተመለሰ፤ የእኔ ድርሻ ጠላዬ ውስጥ ገባልኝ። ቄስ አዳም ዓይናቸውን ሳይገልጡ ጸሎቱን ቀጠሉ። ጥምጥማቸው ላይ አንዲት ባቄላ ቁጭ ብላለች። ማን ይንገራቸው?

የትናየት ጥቅሉን አነሣች። «በይ እንግዲህ፣ የቆላ ልጅ!»

ባንቺዓለም ጆሮ አልሰጠቻትም። ሰዉን እየተራመደች ሄዳ ያቺን ባቄላ ከቄሱ ጥምጥም ላይ ለቀም አደረገችና ገና ሳይባረክ አፏ ከተተች። ሁላችንም አፏን እያየን አላመጠች።

«በስሏል!» አለች። ሳቋ ወንዝ ማዶ ተሰማ። ደስ ያላት ጊዜ የምታደርገውን አታውቅም፤ የቄስ አዳምን ራስ መታ መታ አደረገችው፣ ጥጃ እንደሚመሰገን።